ማርስ እሄዳለሁ ያለው ወንድሜ

ወንድሜ ወደ ማርስ ሄጄ ልኑር ብሎ ባመለከተ ጊዜ ከሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ያመነችው እናታችን ብቻ ነበረች። አብረውት የሚያስተምሩት ሳቁ፣ ጎረቤት ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ። እናቴ ግን ታሸው ከነበረው ቆጮ ላይ እጇን አነሳችና፣ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀችው።

ለምን እንዳመነችው ለመናገር ከዚያ በፊት የሆነውን ማስቀደም አለብኝ።

ሦስት ልጆች ነበርን፤ ሁለት ወንዶችና እኔ የመጨረሻዋ። አባታችን ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ ሲሠራ ኖሮ፣ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አረፈ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የያዘችው እናቴ ናት። የተወለደችው ጃጁራ አካባቢ ነው። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ መናገሩ ግን ይከብዳታልና ከእኛ ጋር የምታወራው በሀዲይኛ ነበር። ከጓሯችን እንሰት ቆጮና ቡላ አዘጋጅታ በገበያ ቀን ትሸጣለች። እሑድ ቅዳሴ አታስታጉልም። ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ ያልገባትን ነገር ግን ሳትጠይቅ አታልፍም።

ታላቁ ወንድሜ እንጨት ሠራተኛ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ በአንድ ሰው ወርክሾፕ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ደቡብ አፍሪካ የሚባለው አገር ለከተማችን ወጣቶች ከአዲስ አበባ የቀረበ ሆኖ ነበር። በየሰፈሩ አንድ የሄደ አለ። የሄደው ልጅ ቤተሰብ ቤት ይታደሳል፣ አጥሩ በብሎኬት ይሠራል፣ እናትየዋ ለቅዳሴ አዲስ ነጠላ ለብሳ ትመጣለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ታላቁ ወንድሜ ጣውላ ሊያመጣ ሻሸመኔ እንደሚሄድና በሦስተኛው ቀን እንደሚመለስ ለእናቴ ነገራት። እሷም ለመንገድ ብላ የተጋገረ ቆጮ ጠቅልላ ሰጠችው። በዘጠነኛው ቀን ከናይሮቢ ደወለ።

እናቴን የሰበራት መሄዱ አልነበረም። «ቢነግረኝ አልከለክለውም ነበር» ትል ነበር። «እንደ እንግዳ ሰው በሩን ዘግቶ ወጣ። ሳልመርቀው ሄደ።» ይህን ብዙ ጊዜ ስትለው ሰምቻለሁ።

ከደረሰ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ይደውል ነበር። ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የዱራሜ ልጅ ሱቅ ተቀጥሮ እንደሚሠራ ነገረን። የከተማውን ስም እናቴ ልትይዘው አልቻለችም። ያን ጊዜ ቤታችን ገመድ አልባ ስልክ ነበር፤ እንደ መደበኛ ስልክ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ግን ይዘውት የሚዞሩት ዓይነት። ጥሪው ድንገት ቆመ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ከዚያ ዓመት። እናቴ ስልኩን በየቀኑ ቻርጅ ታደርጋለች። ገበያ ስትሄድ በቅርጫቷ ይዛው ትሄዳለች፤ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ እሱም «ደህና ነው» ይላታል። ደህና ከሆነ ለምን አይደውልም? ለዚህ መልስ የሰጣት አልነበረም። ቀስ በቀስ ከሰው ጋር ማውራት ተወች። ምሳ ቀርቦ፣ «እማ፣ ብዪ እንጂ» ስላት ቀና ትልና መልሳ ስልኩን ታያለች።

መካከለኛው ወንድሜ ሌላ ዓይነት ልጅ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ትምህርቱ በፕላዝማ ይሰጥ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ባለ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ አንድ መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ተማሪው እየተንደረደረ ይከተላል። አንድ ቀን ስለ ፕላኔቶች ሲያስተምር ማርስ ላይ ደረሰ። ቀይ አፈር፣ ደረቅ የወንዝ መሄጃ፣ ተራራ አሳየ። ከዚያም፣ «ሰው እዚያ ሊኖር ይችላል ወይ?» ብሎ ጠየቀና መልሱን ሊናገር ሲል መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ክፍለ ጊዜው አልቆ ባዮሎጂ ተጀምሯል። ወንድሜ ያችን ጥያቄ ይዞ ቤት መጣ። ለሳምንታት መጻሕፍት ቤት ተመላለሰ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ያጓጓው አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ አጠና፣ ዱራሜ መምህር ሆኖ ተመደበ። ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ ሆሳዕና ይመጣል፣ እሑድ ይመለሳል። እኔ በዚያን ጊዜ ነርስነት ጨርሼ እዚሁ ከተማ ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ ነበር።

ዱራሜ የጠፈር ክበብ አቋቋመ። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ሄጄ ተማሪዎቹን ሜዳ ላይ ሰብስቦ አገኘሁት። አንዲት ልጅ ኳስ ይዛ ጎሉ መስመር ላይ ቆማለች፤ እሷ ፀሐይ ናት። ከእሷ ሃያ አራት ሜትር ያህል ርቆ አንድ ልጅ ምድርን በመዳፉ ይዟል፤ ምድር ከበርበሬ ፍሬ ያነሰች ነገር ናት። ሌላዋ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል አለፍ ብላ የጎመን ዘር ይዛ ቆማለች፤ ያቺ ማርስ ናት። ወንድሜ በመካከላቸው እየተመላለሰ ያስረዳል።

«ከዚች እስከዚያች ለመድረስ ሰባት፣ ስምንት ወር ጉዞ ነው» አለ። «ከእናንተ ልጆች አንዱ በሕይወቱ ዘመን ሰው እዚያ ቤት ሠርቶ ሲኖር ያያል። ድንኳን አይደለም፤ ቤት። ልጅ ይወለዳል። ያ ልጅ ምድርን እንደ ኮከብ ነው የሚያያት።»

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ያለውስ ኮከብ በዚህ ልክ የት ይሆናል?» አለችው።

«ሜዳው አይበቃንም። ሆሳዕናም አይበቃንም። ከደቡብ አፍሪካ አልፎ…» አለና አቋረጠ። ተማሪዎቹ የሚቀጥል መስሏቸው ጠበቁት። ኳሱን ከልጅቷ ተቀብሎ፣ «ለዛሬ ይብቃን» አላቸው።

ማስታወቂያውን ያየው ሆሳዕና በአንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ማርስ ላይ ሰፍረው የሚኖሩ ሰዎችን ከዓለም ሁሉ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ነበር። መሄድ እንጂ መመለስ የለም። መመለሻ መንኮራኩር መሥራት ስለማይቻል የሚሄደው እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ያረጃል፣ እዚያው ይሞታል። ወንድሜ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቅጹን ሲሞላ ዋለ፤ ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለ ራሱ የሚናገርበት አጭር ቪዲዮም ተጠይቆ ስለነበር በእኔ ስልክ ቀረጽኩት። ጓሮ ገብቶ እንሰቱን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። በእንግሊዝኛ ስሙን፣ ሥራውንና ለምን መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ። ሦስት ጊዜ ሳቄ አምልጦኝ አበላሸሁበት። በአራተኛው፣ «እባክሽን» ሲለኝ ፊቱን አየሁና ሳቄ ቆመ።

በዚያው ቀን ምሳ ሊቀርብ ሲል ለእናቴ ነገራት። በሀዲይኛ ማርስ የሚል ቃል ስላላገኘ «ቀይዋ ኮከብ» አላት። መቼ እንደሚሄድ ስትጠይቀው፣ «ከተመረጥኩ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፣ እማ። ብዙ ሥልጠና አለው» አለ።

«መመለስስ?»

«መመለስ የለውም።»

እጇን ታጠበችና መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ስልክ አለ?»

«በድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል። ግን ሩቅ ስለሆነ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል እስኪደርስ።»

«ሃያ ደቂቃ ምን አላት?» አለች እናቴ። «የወንድምህ ድምፅ ስድስት ዓመት ሆነው።»

ጥያቄዋ በዚህ አላበቃም።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?»

«በመጀመሪያ አራት።»

«ከመካከላችሁ ሰው ሲሞት ሦስቱ ይቀብሩታል።»

«አዎ፣ እማ።»

«የመጨረሻውን ማን ይቀብረዋል?»

ለዚህ ቅጹ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከኋላቸው ሌሎች እንደሚመጡ፣ በየሁለት ዓመቱ አራት አራት ሰው እንደሚጨመር ቆይቶ አስረዳት። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሲጨርስ፣ «ነግረኸኝ ደግ አደረግህ» አለችው። ተነሥታም ምሳ አቀረበች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ተለወጠች። የምታዝን መስሎኝ ነበር፤ ማዘኑንስ አዝናለች፤ ብቻዋን ስትሆን እንባዋን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ነገር ግን መናገር ጀመረች። ዓርብ ሲደርስ ወንድሜን በር ላይ ትጠብቀዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ያሰበችውን ጥያቄ ታቀርብለታለች። ውኃ አለ? በረዶ ሆኖ ከአፈር በታች አለ። ዝናብስ? የለም። ታዲያ ምን ትበላላችሁ? ውስጡ በሚሞቅ የላስቲክ ቤት አትክልት ይተከላል።

«እንሰት ይዘህ ሂድ» አለችው አንድ ቀን።

ወንድሜ ነገሩን እንደ ቀልድ አላየውም። ቀይ አፈር አምጥቶ በቆርቆሮ ላይ አድርጎ በእሳት አቃጠለው፤ ማርስ ላይ አፈሩ ሕይወት የሌለው ስለሆነ እሱን ለመምሰል ነው አለ። ባልዲ ውስጥ ከትቶ ትንሽ የእንሰት ችግኝ ተከለበት። ችግኙ በሁለት ሳምንት ጠወለገ። እናቴ ባልዲውን ጎንበስ ብላ አየችና፣ «እንሰት ያለ ፍግ መቼ ይሆናል? እዚያ ከብት የለም እንዴ?» አለች።

«ከብት የለም።»

«ታዲያ ፍግ ከየት ታገኛላችሁ?»

«ከራሳችን ነዋ፣ እማ። የሰው አለ።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሳቋ መጣ። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳ ተደግፋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ታላቁ ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አንድ ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢ ውስጥ አቁሞ ማርስን አሳያት። ከተራራው በላይ ቀላ ያለች ነጥብ ነበረች። ለረጅም ጊዜ አየቻትና፣ «ይቺስ ትታያለች። ወንድምህ ያለበት አገር በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቀውም» አለች።

መልሱ ከወራት በኋላ በኢሜይል መጣ። ወንድሜ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ መርፌ ክፍል በር ላይ ጠበቀኝ። ሕመምተኛዬን ሸኝቼ ስወጣ ስልኩን ሰጠኝ። ስላመለከቱ እናመሰግናለን፣ ለቀጣዩ ዙር አልተመረጡም ይላል። ሁለት መስመር ነው። ለምን እንዳልተመረጠ አይልም።

«አይዞህ» አልኩት።

«እንዳትነግሪያት።»

«ለምን? ደስ ይላታል እኮ!»

«ስድስት ዓመት ሙሉ አቀርቅራ ኖረች። አሁን ገና ቀና ብላ ሰው ማየት ጀመረች። አንቺ አላየሽም? አስቀድሞ የነገረኝ ልጅ አለኝ ብላ ነው። ነገ መጥቼ ‹ቀርቷል› ብላት፣ ምን ይተርፋታል?»

ትክክል አልመሰለኝም፤ ግን እሺ አልኩት። ዓርብ ዓርብ እየመጣ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ቤቱ አሠራር መልስ መስጠቱን ቀጠለ። የሚናገረው ሁሉ ከመጽሐፍ ያገኘው እውነት ነበር፤ እሱ የማይሄድ መሆኑ ብቻ ሲቀር። እየቆየ ሲሄድ ግን መምጣቱ እንደከበደው አየሁ። አንዳንድ ዓርብ ስብሰባ አለብኝ፣ የፈተና እርማት አለብኝ እያለ ይቀር ጀመር።

በዚያው ዓመት የእናቴ እግር ማበጥ ጀመረ። ሽቅብ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ የልብ ድካም ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተጀመረላት። ነርስ ስለሆንኩ ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ገበያ መሄድ ቀረባት። አልጋዋን ከመስኮቱ አጠገብ አደረግንላት። ወንድሜ አጠገቧ ሲቀመጥ እጁን ይዛ፣ «ለእኔ ብለህ እንዳትቀር» ትለዋለች። «እኔ ብሞትም ቀንህ ሲደርስ ሂድ። እኔ መርቄሃለሁ።» ወንድሜ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ተከትዬው ወጣሁ። «ንገራት» አልኩት። «ይህንን ሸክም ይዛ እንድትሄድ ነው የምትፈልገው?»

«ትጠላኛለች።»

«አትጠላህም። ንገራት።»

ገብቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። «እማ፣ አልተመረጥኩም» አላት። «ከነገሩኝ ቆይቷል። የትም አልሄድም። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»

እናቴ መጀመሪያ የሰማችው አልመሰለኝም። ከዚያ እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳሰሰችው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጺሙን።

«ለሁለት ልጅ ነበር የማለቅሰው» አለች። «አንዱን መለስክልኝ።» ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ዓይኗን ጠረገችና፣ «አንተ ቀይዋ ኮከብ ድረስ ልትሄድ የተነሳህ ሰው፣ ደቡብ አፍሪካ ይርቅሃል?» አለችው።

«አይርቀኝም፣ እማ።»

«እንግዲያው ወንድምህን ፈልግልኝ።»

ከዚያ በፊት ታላቁ ወንድሜን አልፈለግነውም ማለት አልችልም። በድሮው ስልክ ቁጥር ደውለናል፣ የሚመጣ የሚሄደውን ጠይቀናል። ግን ደህና ነው የሚለውን ወሬ ይዘን ተቀምጠን ነበር፤ ምናልባት ሚስት አግብቶ ረስቶን ይሆናል፣ ምናልባት እስር ቤት ይሆናል እያልን። ጠንክረን ያልጠየቅነው መልሱን ስለፈራን ይመስለኛል። አሁን ወንድሜ ለፓስፖርት ማመልከት ጀመረ። ጎን ለጎንም የታላቃችንን ፎቶ ደቡብ አፍሪካ ያሉ የአገራችን ልጆች በሚገናኙበት የፌስቡክ ገጽ ላይ አወጣው። በአምስተኛው ቀን ከአንጋጫ የሄደ አንድ ሰው መልስ ጻፈና ስልክ ቁጥር ጠየቀ። ሲደውል ከወንድሜ ጎን ነበርኩ።

«አንተ ወንድሙ ነህ?» አለ ሰውየው። «ቤተሰብ እስካሁን አልሰማም እንዴ? መልእክት ተልኮ ነበር እኮ!»

ታላቁ ወንድሜ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ሳል ይዞት ሰነበተ። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው ሐኪም ቤት መሄድ ፈርቶ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ተኝቶ ቆየ፤ በስተመጨረሻ ሲወስዱት ዘግይቷል። የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች ተሰብስበው እዚያው ቀበሩት። ጥሪው የቆመውም ያኔ ነው። መርዶውን እንዲያደርስ የላኩት፣ በዚያው ሰሞን ወደ አገር የተመለሰውን ሰው ነው። ያ እናቴ ባገኘችው ቁጥር «ደህና ነው» የሚላት የሰፈራችን ሰው።

ሄደን አገኘነው። የግንባታ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ወንድሜ ተቆጥቶ ነበር የሄደው፤ ሰውየው ግን ገና ሲያየን አወቀ። ምስማር የሚመዝንበትን ሚዛን አስቀምጦ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ሦስት ጊዜ ደጃችሁ መጥቻለሁ» አለ። «ሦስቴም እናታችሁ ናቸው በሩን የከፈቱልኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ‹ልጄ ደህና ነው?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ደህና ነው እላለሁ። አንዴ ካልኩ በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልመልሰው? በሌላ መንገድ መሄድ ጀምሬ ነበር እሳቸውን ላለማግኘት።»

ወንድሜ ዞሮ ወጣ። እየሄድን፣ «እኔስ ከእሱ በምን እሻላለሁ?» አለኝ። «እኔም እኮ ፊቷን አይቼ ነው ያልነገርኳት።»

ልባችን ላይ የቀረው ጥያቄ ለእሷ መንገር አለብን ወይስ የለብንም የሚለው ነበር። እኔ ልቧ አይችለውም አልኩ። እንደ ነርስም እንደ ልጅም ነበር የተናገርኩት። ወንድሜ ግን፣ «እኔ ፈልግልኝ ተብያለሁ፤ አግኝቼዋለሁ» አለ። «ሁለተኛ አልዋሻትም።» ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ሄደን አማከርናቸው። እሳቸውም ንገሯት አሉ።

መርዶው እንደ ደንቡ በማለዳ ተነገረ። ቄሱ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ሁለት ከጃጁራ የመጡ የእናቴ ወንድሞች ነበሩ። እኔ የልብ መድኃኒቷን ቀደም ብዬ ሰጥቻት አጠገቧ ተቀምጫለሁ። እናቴ ሰዎቹ ሲገቡ አየቻቸው፤ ለምን እንደመጡ ለመጠየቅ አልሞከረችም። ቄሱ ገና «እናቴ» ብለው ሲጀምሩ እጇን አነሳች።

«ልጄ ይንገረኝ» አለች። «ያ የማይደብቀኝ።»

ወንድሜ ተንበርክኮ ነገራት። ስትጮህ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ግን እንደፈራሁት ልቧ አልቆመም። ሲደክማት ጋደም አለችና፣ «መቼ ነው?» አለች። ዓመቱን ሲነግራት በጣቶቿ ቆጠረች። «የቄሱ ቤት ቆርቆሮ በነፋስ የተነሳበት ዓመት። ያን ጊዜ ድንች እየተከልኩ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። እናት ሆኜ ምንም ሳይሰማኝ ድንች ስተክል ነበር» አለች። ከሁሉ በላይ ያስለቀሳት ይህ ነበር።

ሬሳ በሌለበት ድንኳን ተተከለ። የታላቁ ወንድሜ ያለን ብቸኛ ትልቅ ፎቶ ጥቁር ጨርቅ ተደርጎበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ወርክሾፑ በር ላይ የተነሳው፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ፀጉሩ ላይ የቀረ። ሰው ከዳምቦያ ሳይቀር መጣ። ከመጡት እናቶች ስንቱ ለእኛ፣ ስንቱ ለራሳቸው ልጅ እንደሚያለቅሱ መለየት አይቻልም ነበር። የግንባታ ዕቃ ሻጩም መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እናቴ አየችው። አስጠራችውና አጠገቧ አስቀመጠችው። ምግብ ሲቀርብም «ይብላ፣ ስጡት» አለች።

እናቴ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። መጨረሻ አካባቢ ትንፋሿ አጥሮ ብዙ አትናገርም ነበር። ገመድ አልባውን ስልክ ከአልጋዋ አጠገብ አንሱልኝ ያለችው ራሷ ናት። ወንድሜ ከዱራሜ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ አሥራ አንድ ቀን አብሯት ቆየ። አንድ ከሰዓት ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እሱ ትራሷን ሲያስተካክልላት አለፈች። ከአባታችን ጎን ቀበርናት።

ወንድሜ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌላ ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ አላመለከተም። የጠፈር ክበቡም ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆየ። ኋላ ሁለት ሴት ተማሪዎች መጥተው ሲለምኑት መጻሕፍቱንና የሠራቸውን ሥዕሎች ሰጣቸው፤ ሜዳ ላይ ግን አብሯቸው አይወጣም። የላከኝን የእነሱን ፎቶ አይቻለሁ፤ በካርቶን የሠሩት የማርስ ቤት አጠገብ ቆመው ይስቃሉ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በእናቴ ተዝካር ማግስት ሆሳዕና መናኸሪያ ሸኘሁት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ስናወራ፣ ልጠይቀው ስፈራ የኖርኩትን ጠየቅሁት። «እውነት ሰው አንድ ቀን እዚያ ሄዶ ይኖራል?»

«ይኖራል» አለ ወዲያው። «እሱን ተጠራጥሬ አላውቅም። እኔ ባላየው የተማሪዎቼ ልጆች ያዩታል።»

«ደስ አይልህም?»

ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ድሮ ይህን ሳስብ የሚታየኝ የሚሄዱት ሰዎች ነበሩ» አለ። «መንኮራኩሩ፣ ቀዩ አፈር፣ የመጀመሪያው ቤት። አሁን የሚታዩኝ የሸኟቸው ናቸው። መንኮራኩሩ ከሄደ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ምን እንደሚያደርጉ አስባለሁ። ምሳ ይሠሩ ይሆን? ልብሱን ለማን ይሰጡት ይሆን? ይህን የሚጽፍ መጽሐፍ አላገኘሁም።»

የሚኒባሱ ረዳት «ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው!» እያለ ተጣራ። ወንድሜ ጉንጬን ስሞኝ ገባና ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀመጠ።